እናቴ የነዳችው ቤት

አባቴ ግራ ዓይኑን ያጣው በልጅነቱ ነው፤ አጥር ሲዘል እሾህ ወጋው። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ በሄደ ጊዜ የዓይን ምርመራውን አላለፈም። ያን ዕለት እቤት ገብቶ ነገሩን ሲነግራት እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ "እንግዲያው እኔ አወጣለኋ" አለችው። ለማጽናናት ያለችው መስሎን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ከቢሮ ስትወጣ ወደ መንጃ ማሠልጠኛው መሄድ ጀመረች።

እናቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ አባቴ ደግሞ የእንጨት ሥራ መምህር። መኪና ይኖራቸዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። መኪናዋ እጃችን የገባችው እንዲህ ነው። አንድ ፈረንጅ የከብት ሐኪም ከብዙ ዓመት በፊት ከአገር ሲወጣ ለቤተክርስቲያናችን የተዋት ጀርመን ሠራሽ ኮምቢ፣ በግቢው ጥግ ከአቮካዶ ዛፍ ሥር ቆማ ቀርታ ነበር። ካምፐር የሚሏት ዓይነት ናት፤ ጣሪያዋ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ውስጧ አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ ነበራት። እኛ ስናያት ግን ውስጧ ተገፎ ዶሮ ታቅፍባት ነበር። አባቴ ለጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ሠርቶ ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ በምን እንካስህ አሉት። "በዚያች መኪና" አላቸው። ሳቁ፤ ሰጡትም።

ሞተሯን አንድ የአባቴ ጓደኛ የሆነ መካኒክ አስነሣው። ውስጧን ግን አባቴ ራሱ ሠራው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮቱን አውልቆ ይገባባታል፤ እስኪመሽ የመጋዙ ድምፅ አይቋረጥም። ከዋንዛ እንጨት ቀን መቀመጫ የሚሆን፣ ሲዘረጋ አልጋ የሚወጣው ነገር ሠራ። ለቡታጋዙ ማስቀመጫ፣ ለዕቃው መሳቢያ፣ ከግድግዳ ጋር የሚታጠፍ ጠረጴዛ አበጀላት። ምስማር አልተጠቀመም፤ እንጨቱን በእንጨት አጋጥሞ ነው የያዘው። የሰፈሩ ሰው "ኬታ" አላት፤ በወላይትኛ ቤት ማለት ነው። እናቴ በኬታ ገበያ ስትሄድ ልጆች ከኋላ እየሮጡ ያጅቧታል፤ ትልልቆቹም ቆመው ያያሉ። በዚያን ጊዜ ባጃጅ ገና ከተማችንን አልሞላም ነበር። መሪ የያዘች ሴት ማየትም ብርቅ ነው። እናቴ ግን ታይፕ እንደምትመታው ሁሉ ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል፣ ጀርባዋን አቅንታ ነው የምትነዳው።

አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ቆመን ሳለ እንደ ኬታ ያለች፣ ግን አረንጓዴ ቀለም የተቀባች ካምፐር መጥታ ከጎናችን ቆመች። ከውስጧ የወረዱት ጡረታ የወጡ የአዲስ አበባ መሐንዲስ ነበሩ። ነዳጃቸውን ትተው ኬታን ይዞሯት ጀመር። እንደ እሳቸው ያሉ የአሮጌ ካምፐር ባለቤቶች በየዓመቱ አንድ ቦታ ተገናኝተው ሁለት ሦስት ቀን አብረው እንደሚሰነብቱ ነገሩን። በሚቀጥለው ጊዜ አርባ ምንጭ፣ ሐይቁ ዳር ነው አሉ። "ከአዲስ አበባ ውጭ የሚመጣ አባል የለንም። ቅርብ ናችሁ፤ ኑ" አሉና ቀኑን ለእናቴ ነገሯት። ለአባቴ ያልነገሩት መኪናዋ የእሷ መስላቸው ነው። አባቴም አላረማቸውም።

ቀኑ ሲደርስ ቆጮ፣ የተቀቀለ የቦዬ ሥር፣ በብልቃጥ ዳጣ ይዘን ተነሣን። እናቴ ነጭ ሻሽ አስራ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች፤ አባቴ ከጎኗ፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ከኋላ። የዳሞታን ተራራ ከጀርባ ትተን ከሶዶ ቁልቁል ወደ ሁምቦ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ተበላ የምትባለው ከተማ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በሰውና በአህያ ጋሪ ተዘግቷል። እናቴ ጥሩምባ ሳትነፋ፣ ሰው ፈቅዶ እስኪያሳልፋት እየጠበቀች፣ በዝግታ ወጣች። አባቴ ሰዓቱን አየ። ስብሰባው የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እንዳናረፍድ ብሎ ሲሰጋ ነበር የሰነበተው።

ከተበላ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ከመንገዱ ዳር አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘን። ከሥሩ ዘይት ይፈሳል። ዙሪያውን ነጭ የለበሱ መዘምራን ተቀምጠዋል፤ ከግራር ጥላ ሥር ደግሞ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ሚዜዋ ላይ ተደግፋለች። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን። የሙሽራዋ አጎት ነበሩ። መኪናው ከረፋድ ጀምሮ እንደቆመ፣ የሙሽራው አገር ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንደሆነ፣ ልጅቷ ከሌሊት ጀምሮ እህል ሳትቀምስ ሙቀቱ እንደጣላት በወላይትኛ ለአባቴ ነገሩት።

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። ፊቱ ላይ ጭንቀት ይነበብ ነበር። እናቴ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ሄዳ የሙሽራዋን ግንባር በእጇ ዳሰሰች። ተመልሳ መጥታ የጎኑን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና አባቴን፣ "አልጋውን ዘርጋው" አለችው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓት አላነሣም። አልጋውን ዘረጋ፤ ጣሪያውን ከፍ አድርጎ ነፋስ አስገባ። ሙሽራዋን አስተኟት። እናቴ ሻሿን ፈትታ ውሃ ነክራ ፊቷንና አንገቷን አበረደችላት፤ ስኳር በጥብጣም በትንሽ በትንሹ አጠጣቻት። ሚዜዎቿና አጎትየው ከእኛ ጋር ገቡ፤ መዘምራኑ በአቋራጭ በእግር ተነሡ። ልጅቷ ትንሽ ነፍስ ስትዘራ ዓይኗን ገልጣ የዋንዛውን መሳቢያ፣ ድስቱን፣ መጋረጃውን ተራ በተራ አየች። ከዚያ ሚዜዋን በሹክሹክታ "ደርሰናል እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት። የሙሽራው ቤት የገባች መስሏታል። እናቴ በመስታወቱ አይታት ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል።

ከዋናው መንገድ ስንወጣ ያለው የጋሪ መንገድ ነው። አንድ የደረቀ ወንዝ ጋ ስንደርስ ኬታ አሸዋ ውስጥ ገብታ ሞተሯም ጋለና ቆመች። ከየማሳው የመጡ ገበሬዎች ውሃ በጀሪካን ይዘው ሊያበርዱልን ከፊቷ ተሰበሰቡ፤ ግን ሞተሩን አጡት። እናቴ ወደ ኋላ ወስዳ አሳየቻቸው። ይቺ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው፣ ውሃ አትጠጣም ስትላቸው አንዱ፣ እንዲያ ከሆነ ውሃ ለሚቸግረው ለሁምቦ የተፈጠረች ናት አለ። እስክትበርድ ጠበቅን። ከዚያ ከሙሽራዋ በቀር ሁላችንም ወርደን ገፋን። አባቴ የክት ሸሚዙን ለብሶ፣ ትከሻውን ከኋላ በሩ ላይ አድርጎ ሲገፋ እስከ ጉልበቱ አሸዋ ገባ። እናቴ ሞተሩን ሳታስጮህ፣ መሪውን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እያደረገች አወጣቻት። ማዶ ላይ ስትቆም ገበሬዎቹ አጨበጨቡላት።

ሙሽራው ደጅ ስንደርስ መዘምራኑ ቀድመውን ነበር። ሰርገኛው መዘምራኑ እስኪደርሱ ሙሽራ ቀረች ብሎ ተክዞ ከዋለ በኋላ ቤት የመሰለ ነገር በማሳው መካከል ሲመጣ አየ። የመኪናዋ በር ሲከፈት ሙሽራዋ በእግሯ ቆማ ወጣች። የሙሽራው እናት ቀድመው ያቀፉት እሷን ሳይሆን እናቴን ነው። ከዚያ በኋላ እንሂድ ብንልም የሚሰማን አልተገኘም። በልተን፣ ከመዘምራኑ ጋር ዘምረን፣ እዚያው ግቢ ኬታ ውስጥ አደርን። በጠዋት ስንነሣ ሙሽራዋ ራሷ አንድ ድስት ማር አምጥታ ለእናቴ ሰጠቻትና ጉልበቷን ሳመቻት።

ሐይቁ ዳር የደረስነው እኩለ ቀን ላይ ነው። የሣሩ ሜዳ ላይ ካምፐሮቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። እንደ ዕንቁላል ነጭ የሆነች አለች፤ ከአውቶቡስ ተለውጣ የተሠራች፣ መጋረጃዋ ዳንቴል የሆነ አለች፤ ከጎኗ ሸራ ዘርግታ እንደ በረንዳ ጥላ የምትሰጥም አለች። ሁሉም ታጥበው ያብረቀርቃሉ። ኬታ እስከ መስኮቷ አሸዋና አቧራ ናት፤ የጎን መስታወቷ ላይ ሰርገኞቹ ያሰሩት የወረቀት አበባ ይወዛወዛል። ወንድሜ አፍሮ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እኔም መውረድ ፈራሁ።

መሐንዲሱ ግን ከሩቅ አውቀውን እየተጣደፉ መጡ። ትናንት ቦታ ይዘውልን እንደነበር ነገሩን። ልማዳቸው ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ ባለ መኪና ተነሥቶ የት የት እንደሄደባት ማውራት ነው። አንዱ ናይሮቢ ደርሶ መመለሱን ተናገረ። አንዲት ፈረንጅ ሴት በረሃ አቋርጣ ካርቱም መግባቷን አወራች። ተራው የእኛ ሲሆን ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ፤ አባቴ ወደ እናቴ ጠቆመ።

እናቴ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና ትናንት ከሶዶ ተነሥተን ዛሬ መድረሳችንን፣ በመካከሉ ያለፈውንም ሳታስጌጥ ተናገረች። ገበሬዎቹ ሞተሩን ከፊት ሲፈልጉት የነበረውን ስትነግራቸው ሰዉ ሳቀ። ሙሽራዋ "ደርሰናል እንዴ?" ያለችውንም ነገረቻቸው። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

"መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያች ልጅ የተኛችበትን አልጋ የሠራው ግን እሱ ነው። እሱ ባይሠራው እኔ ምን ላይ አስተኛት ነበር?"

መጀመሪያ የተነሡት መሐንዲሱ ናቸው። "እስቲ አልጋውን እንየው" አሉ። ሁሉም ተከተሏቸው። በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ተራ በተራ ገቡ። መሳቢያውን ስበው ይመልሳሉ፤ ጠረጴዛውን ያጥፋሉ፤ ማጋጠሚያውን በጣታቸው ይዳስሳሉ። ባለ አውቶቡሷ ሴትዮ ምስማሩ የት አለ ብላ ጠየቀች። አባቴ በአፈረ ድምፅ የለውም አላት። ከዚያ ግን እንጨቱ በሁምቦ ሙቀትና በሶዶ ብርድ እንዴት እንደሚለጠጥና እንደሚኮማተር ማስረዳት ጀመረ፤ እንደዚያ ብዙ ሲናገር ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ወደ ማታ ፀሐይዋ በሐይቁ ላይ ስትለዝብ እናቴ አባቴን ጠራችውና ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠች። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሰውም ልጆቹን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀ። አባቴ አሻፈረኝ አለ፤ እሷ ግን ቀድማ ገብታ በእሱ ቦታ ተቀምጣ ነበር። ሄዶ መሪውን ያዘ። ኬታ ሁለት ጊዜ ዘለለችና ተነሣች። በቀኝ ዓይኑ ለማየት አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ በሣሩ ዙሪያ በእርምጃ ፍጥነት ዞረ። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ወዲህ ሂድ፣ ወዲያ ዙር አላለችውም። ሲቆሙ አባቴ ወዲያው አልወረደም። እናቴም አልወረደችም። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ ወንድሜና እኔ ሮጠን ስንደርስ ሁለቱም እየሳቁ ነበር።

በማግስቱ ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መንገዱን ሙሉ ያወራው ስለዚያች ሸራ ስለምትዘረጋዋ ካምፐር ነበር። ሸራው የሚቆምበትን ብረት በቀርከሃ መተካት ይቻላል፣ ይቀላልም አላት። እናቴ ጠመዝማዛውን ዳገት በዝግታ እየወጣች፣ "ሸራውን እኔ እሰፋዋለሁ" አለችው። ሶዶ ገብተን ዕቃ ሳናወርድ አባቴ ቀርከሃ የሚሸጥ ሰው ፍለጋ ወጣ።