ታሪፏ ተረት የነበረ መኪና

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ምድጃ ዳር አይደለም፤ በአባዬ አሮጌ መኪና የኋላ ወንበር፣ በማላውቃቸው ሰዎች ጭን ላይ ተቀምጬ ነው። ያኔ ከጅማ ደዶ ስንመላለስ አባዬ በእግሩ የሚሄድ ሰው አይቶ አያልፍም ነበር። ገንዘብ አይቀበልም፤ ታሪፉ አንድ ተረት ነው። ተሳፋሪው ጢስ የጠገበ ጋቢውን ሰብስቦ «ዱሪ ዱሪ»፣ ድሮ ድሮ፣ ብሎ ይጀምራል፤ ከኦሮምኛው ያመለጠኝን አባዬ መሪውን እንደያዘ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል። መሸት ሲል ጣሪያው ላይ ፍም የምታህል መብራት ትበራለች፤ ጅቡም ጦጣዋም በእሷ ብርሃን ከፊቴ ይመጣሉ። ተሳፋሪው መውረጃው ደርሶ ተረቱ ካላለቀ አባዬ ሞተሩን ያጠፋና እስከ መጨረሻው ይሰማል። በኋላ ብቻዬን ፊደል ቆጥሬ መጽሐፍ ማንበብ ስጀምር እንኳ፣ ገጹን ስገልጥ የሚሸተኝ ቤንዚንና ጢስ ነበር።

አባዬ ካረፈ ወዲህ መኪናዋ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ቆመች፤ እኔም በየሳምንቱ ሞተሯን አስነሳላት ነበር። አምና፣ አዲስ አበባ ያደገው የወንድሜ ልጅ ሮቤል፣ ከመሬት ከፍ ማለት የሚያሳፍራት የምትመስል ቀይ የስፖርት መኪና ይዞ እኔ ዘንድ ሊኖር ከች አለ።

«አክስቴ፣ ይቺን ለቆራሌው እንስጣትና የኔዋ ትቁምበት።»

«ያንተዋ ደዶ ካደረሰችኝ ይቺን ስጣት» አልኩት። አፌ ነው እንጂ ከልቤ አልነበረም።

ስገባባት መቀመጥ ሳይሆን መተኛት ሆነብኝ። ፍጥነቷን አልክድም፤ አስፋልቱ ላይ አንጀቴን ከጀርባዬ አጣበቀችው። ወደ ጠጠሩ መንገድ እንደታጠፍን ግን ሆዷ ድንጋይ ነካ። ሮቤል ወርዶ ተንበርክኮ ከሥሯ አጮለቀ።

«ምነው፣ ስግደት ጀመርክ?»

«አቦ ተይኝ አክስቴ!»

ቀስ ብለን ተመለስንና በአሮጌዋ ወጣን፤ ሮቤል ይነዳል። መንገድ ዳር ዘንቢል የያዙ አንዲት አሮጊት አየሁ።

«አቁም! ይቺ መኪና ሰው አታልፍም።»

«አኮ፣ አያቴ፣ ይግቡ፤ ሂሳቡ ተረት ነው» ስላቸው ከት ብለው ሳቁና «ዱሪ ዱሪ» አሉ። ሮቤል ኦሮምኛው ሲያመልጠው እኔ ከጎኑ ወደ አማርኛ መለስኩለት። ደጃቸው ስንደርስ የተረታቸው ጅብ ገና ጉድጓድ ውስጥ ነበር። አሮጊቷ በሩን ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱ። ሮቤል፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሞተሩን አጠፋ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አላቸው።

ዛሬ ቀይዋ መኪና አጥር ጥግ ትቆማለች፤ የአባዬ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የአብዛኞቹ ተረቶች መጨረሻ ጠፍቶብኛል፤ የዚያ የሚጠፋ ሞተር ጸጥታ ግን እኔ ዘንድ ቀርቷል፣ አሁን ደግሞ ሮቤል ዘንድ።