ራሳችንን ያልቆጠርንበት ጠዋት

የያዙኝ አርብ ገበያ ላይ ነው፣ ከየኔታ ጋር። መሬት ለኪዎች ይመጣሉ ሲባል አገሩ «ርስታችንን አናስለካም» ብሎ ነበር፤ የኔታ ይህንኑ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተናገሩ፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ «እውነት ነው» አልሁ። በአንድ ገመድ አስረው ንፋስ መውጫ ከተማ አወጡን። የገባንበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው የገብስ አቧራ ይሸታል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ብዙም አልከፋኝም። የኔታ የዘመን ቆጠራውን ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። በውጭ ሳሉ ተማሪው ሁሉ ይሻማቸው ነበር፤ እዚያ ግን የእኔ ብቻ ሆኑ። ከበሩ አጠገብ እሳቸው ይተኛሉ፣ ቀጥሎ እኔ። «ልጄ» የሚሉት እኔን ነው።

ከዚያ አንድ አሥር አለቃ መጣ። የስማዳ ሰው ነው፣ ኮርያ የዘመተ፤ ለኪዎቹን በዱላ አባሮ ታሰረ። ገና ጋቢውን ሳያነጥፍ ወሬ ጀመረ። ቆስሎ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ጎረቤቱ ሳሞዋ ከሚባል የባሕር ደሴት የመጣ ግዙፍ ወታደር ነበር አለ። ቋንቋ ስለማይግባቡ በጣታቸው ቁጥር ተማማሩ።

«ታሲ፣ ሉዋ፣ ቶሉ፣ ፋ፣ ሊማ» እያለ ጣቱን አጠፈልን። «ሊማ አምስትም ነው፣ እጅም ነው፣ የኔታ።»

የኔታ ተነሥተው ተቀመጡ። «አምስቱን በእጅ ጠሩት? እስቲ ድገመው ልጄ።»

ልጄ አሉት። እኔ አበቅቴና መጥቅዕ ሳወጣ እንኳ እንዲህ ዓይናቸው አብርቶልኝ አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲያ የክፍሉ ሰው ሁሉ ወሬ ጠዋት ማታ የደሴቱ ቁጥር ሆነ። አሥር አለቃው ቀስ በቀስ እየተጠጋ በእኔና በየኔታ መካከል ገባ። እኔም ተናድጄ አጎዛዬን ጠቅልዬ ወደ ጥግ ሄድሁ፤ የጠራኝ የለም።

በዚያው ሰሞን አዲስ የጥበቃ አለቃ መጣና እስረኛው በተኛበት ተራ ቆሞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየጠራ ራሱን እንዲቆጥር አዘዘ። የመጀመሪያው የኔታ ናቸው።

«ሰው አይቆጠርም ጌታዬ» አሉት ቀስ ብለው። «ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት ወረደበት። እርስዎ ይቁጠሩን፤ እኔ ራሴን አልቆጥርም።»

አለቃው አልመታቸውም። ከቤት የመጣላቸውን ስንቅ ብቻ አስመለሰው። በማግሥቱም እንደዚያው። ከእኛ ድርሻ ብናቀርብላቸው «የእናንተን አፍ አልሻማም» ብለው እንቢ አሉ። ከንፈራቸው ደረቀ፤ ለጸሎት ሲነሡ ግድግዳ ይይዛሉ።

እኔ ሳስብ ቆይቼ «የኔታ፣ በግእዝ ይበሉት፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ» አልኋቸው።

«እሱማ የቅዳሴ ነው። ለወህኒ አላወርደውም።»

አሥር አለቃው ሳቀ። «የኔን ቢሉትስ? ያ ሰውዬ የሳሞዋ ቁጥር የት ያውቃል። እሱ ካልሰማው ምኑን ተቆጠሩ፣ ድምፅ ሰጡት እንጂ።»

የኔታ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ። በረሃብ የተጎዱት መምህሬ ሳቁ፣ ያሳቃቸውም እኔ አይደለሁም። መዳናቸው ደስ እንዲለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

በነጋው ተሰለፍን። «ታሲ» አሉ የኔታ። «ሉዋ» አለ አሥር አለቃው፣ ደረቱን ነፍቶ። ሁለት የእስቴ ገበሬዎች «ቶሉ»፣ «ፋ» አሉ። «ሊማ» ያለው አጠገቤ የነበረው ሽማግሌ ነው።

ስድስተኛው እኔ ነኝ። አላጠናሁትም እያልሁ ሁሉንም አውቀው ነበር። «ስድስት» ብል የጥበቃ አለቃው እንደቀለድንበት ያውቃል፣ ነገሩ ይፈርሳል፤ አሥር አለቃው ያፍራል፤ የኔታ ግን ደግሞ ጦም ያድራሉ። የጥበቃ አለቃው ዱላውን ወደ እኔ ቀሰረ። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁትና «ኦኖ» አልሁ፤ ድምፄ እስከ ግቢው ተሰማ።

ተራው ካለቀ በኋላ አለቃው «ምንድን ነው የምትሉት?» አለ።

«የኮርያ ግንባር አቆጣጠር ነው ጌታዬ» አለ አሥር አለቃው፣ እግሩን ገጥሞ።

አለቃው ኮርያ ሲባል ጊዜ ለስለስ አለ። ራሱ በጣቱ ቆጠረንና ሄደ። የየኔታ ስንቅ ገባ።

ሲበሉ ወደ ጥጉ ዞር ብለው «ያቺን ኦኖ ከሁሉ አሳምረህ አልሃት፣ ልጄ» አሉኝ። አሥር አለቃው የጎረሰውን ማላመጥ አቆመ። ዓይኑን አየሁት፤ ያን ዓይን አውቀዋለሁ፣ የራሴው ነበር። ያን ቀን የበላሁት ደረቅ ቂጣ እንደ ሠርግ ምግብ ጣፈጠኝ።

ሁለቱም አርፈዋል። ዛሬ ስለ እስራቱ የሚጠይቁኝ ምን አደረጉህ ይሉኛል፤ መቼም ደርሶብናል፣ እነግራቸዋለሁ። ያልነገርኋቸው፣ ንጉሥም ለኪም ረስተን ሁለት ጎልማሶች በአንድ መምህር ምክንያት እርስ በርሳችን ስንቀና መክረማችንን ነው። ወህኒ ገብተን ሌላው ሁሉ ሲወሰድብን፣ ያ ቅናት የገዛ ራሳችን ነበር።