ከገደሉ ሥር አንገባም

ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በአይሱዙ ጀሶ ሳመላልስ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የዚያ ዘመን ነገር በተነሣ ቁጥር ቀድማ በዓይኔ የምትመጣው ይመኙሻል ናት።

ይመኙሻል የሞላሌ ልጅ ነች። ከደጋ የወረደችው ትዕዛዙ የሚባል የመርሐቤቴ ሰው አግብታ ነው። ትዕዛዙ ጀሶ ከሚወጣበት ካባ ውስጥ በዶማና በድጅኖ ድንጋይ ይፈለፍል ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከገደሉ የተገመሰ ድንጋይ ወርዶ እግሩን ጨፈለቀው። ጤና ጣቢያ ያደረስነው በእኔ መኪና ነው። የካባው ካቦ ጋሼ ኃይለ ኢየሱስ አብረውን ሄደው ሲመለሱ፣ «ጠንቀቅ ቢል ኖሮ አይመታም ነበር። ጥፋቱ የራሱ ነው» አሉ። ነገሩ በዚሁ ታለፈ። ትዕዛዙ ቤት ዋለ፤ ክረምቱ ሲወጣ ይመኙሻል በእሱ ፈንታ ካባ ገባች።

የሴቶቹ ሥራ ወንዶቹ የፈለፈሉትን ጀሶ በባሬላ ተሸክሞ መኪናው ድረስ ማምጣት ነው። ባሬላውን ሁለት ሆነው ፊትና ኋላ ይይዙታል። የይመኙሻል ጓደኛ ወሰንየለሽ ነበረች፤ ቀልደኛ፣ ጉልበተኛ ሴት። ይመኙሻል ራሷ ግን ነገር የማታበዛ፣ ስትናገርም ቀስ የምትል ነበረች። ለቆላው ሙቀት ልማድ ስላልነበራት መጀመሪያ ሰሞን ፊቷ ቀልቶ ይውል ነበር፤ አንድም ቀን ግን ስታማርር አልሰማኋትም።

ክረምቱን ተከትሎ በመጣው በጋ አቶ ኪዳነ ወልድ የሚባሉ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ከደብረ ብርሃን መጡ። ሠራተኛውን ከዋርካው ጥላ ሥር ሰብስበው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አስረዱ። እኔም ጭነት ስጠብቅ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አሠሪው አደጋ መከላከያ ማቅረብና ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ ማስተማር እንዳለበት ሲናገሩ ይመኙሻል እጇን አወጣች።

«ሰው ተጎድቶ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው ቢባልስ?» አለች።

«ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ ወይም ሰክሮ ካልተገኘ በቀር፣ በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት አሠሪው ይጠየቃል።»

«እንግዲያው ባለቤቴ ተበድሏል» አለች፣ ካቦው ፊት ለፊቷ ቆመው።

አቶ ኪዳነ ወልድ ዓመት ሳይሞላው ካሳ እንዲጠይቁ ነገሯት። ቀጥለውም፣ «መብት ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የተሰጣችሁን መከላከያ መልበስ፣ አደጋ ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ማሳወቅ የእናንተ ግዴታ ነው» አሉ። የደኅንነት ተወካይ ምረጡ ሲባል ሁሉም ወደ ይመኙሻል ዞረ።

ሠራተኛው ከካቦው ጋር ትጋጫለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ የጀመረችው ከራሱ ከሠራተኛው ነው። የተሰጣቸውን ሄልሜት ጥቂቱ ይቀመጥበታል፤ ምንተስኖት የሚባለው ጎበዝ ፈልፋይ ደግሞ ቆሎ ይይዝበት ነበር።

«ይሞቃል እኮ» አላት።

«ይሙቅህ። እኛ የትዕዛዙን ጉዳይ ይዘን ስንቆም እነሱ ‹ሰጥተናቸው አልለበሱም› እንዲሉ ነው የምትፈልገው?»

ቆሎውን ነጠላዋ ላይ ገልብጣ ሄልሜቱን ራሱ ላይ ደፋችለት። ሰዉ ሳቀ፤ ምንተስኖት ግን ተቀየማት። ለብዙ ሳምንት ሰላምታዋንም በቅጡ አይመልስም ነበር።

የበልጉ ዝናብ ከጣለ በኋላ ነገሩ ጠነከረ። ፈልፋዮቹ የሚቆፍሩት ከሥር ስለነበር ገደሉ ከላይ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወጥቶ ነበር። ይመኙሻል በምሳ ሰዓት አናቱ ላይ ወጥታ አየች፤ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ እጇን ብትሰድበት እስከ ክርኗ ዋጠው። ወርዳ ለጋሼ ኃይለ ኢየሱስ ነገረቻቸው።

«እኔ እዚህ ስገባም ስንጥቅ ነበረው፤ ወደቀ?» አሏት። «መኪናው ቆሟል፣ ሥራሽን ሥሪ።»

«ጋሼ፣ ያየሁትን መናገር ግዴታዬ ነው፤ ነገርኩዎት። አደጋ እያየን አንገባም።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እርስዎ ልጅዎን እዚያ ሥር ያስገባሉ?»

ወደ ወንዶቹ ዞረው «ቀጥሉ!» ብለው ጮኹ። ምንተስኖትና ሌሎቹ ዶማቸውን አነሡ። ይመኙሻል አልተከራከረችም። ወሰንየለሽን በዓይኗ ጠቀሰቻትና ባሬላቸውን ከገደሉ ራቅ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ሌሎቹም ሴቶች ተራ በተራ የእነሱን አስቀመጡ።

«እስከዚህ ያመጣችሁትን እንሸከማለን» አለች ለወንዶቹ። «ከገደሉ ሥር ግን አንገባም።»

ወንዶቹ ጥቂት ፈለፈሉ። የሚያነሣው የጠፋው ጀሶ እግራቸው ሥር ተከመረና መቆሚያ አሳጣቸው። በመጨረሻ ምንተስኖት ዶማውን ጥሎ ወጣ፤ የቀሩትም ተከተሉት። እኔም ባዶ መኪናዬን አዙሬ ሽቅብ ነዳሁ።

ይመኙሻል በማግሥቱ ወረዳ ሄዳ አመለከተች። ተቆጣጣሪው እስኪመጡ ሥራው ቆመ፣ ችግሩም የሁሉም ቤት ገባ። በቅዳሜ ገበያ አንዷ የፈልፋይ ሚስት ሰው እየሰማ፣ «የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋሽው» አለቻት።

ይመኙሻል ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የእኔም ልጆች አልበሉም፣ እህቴ» አለች። «ግን ባልሽ በእግሩ ቤቱ ይገባል። የእኔን በሰው ሸክም ነው ያስገቡልኝ።» ሴትዮዋ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች።

አቶ ኪዳነ ወልድ መጥተው ስንጥቁን አዩ። የተንጠለጠለው ከላይ ሳይወርድ ማንም ሰው ከሥር እንዳይገባ፣ ከዚያ ወዲህም በደረጃ በደረጃ ከላይ ወደ ታች እንዲቆፈር አዘዙ። ጋሼ ኃይለ ኢየሱስ ተቆጥተው፣ «ይኸው እኔው አወርደዋለሁ» አሉና ምንተስኖትን አስከትለው አናቱ ላይ ወጡ። ወገባቸውን ከኋላ ካለ ዛፍ ጋር በገመድ ካላሰሩ ያለችው ይመኙሻል ናት፤ እያጉረመረሙ ታሰሩ።

ድጅኖውን ስንጥቁ ውስጥ ከተው ገፋ አደረጉት። ጉልበትም አልፈጀ። የተንጠለጠለው ገደል በሙሉ በአንዴ ተገንጥሎ ወረደ። ምድር ተናወጠ፣ ነጭ አቧራ ሸለቆውን ሸፈነው፤ ሥራ ይጀመራል ብዬ ወርጄ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ መስተዋቱ ረገፈ ብዬ ነበር። አቧራው ሲገለጥ ወንዶቹ ሲቆፍሩበት የነበረው ቦታ ቤት ቤት በሚያህል ድንጋይ ተቀብሯል። ጋሼ ኃይለ ኢየሱስ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ «ምንተስኖት! ምንተስኖት የት አለ?» እያሉ ይጮኻሉ። ምንተስኖት አጠገባቸው ቆሞ ገመዳቸውን ይዞ ነበር።

ወርደው ሲመጡ ፊታቸው በጀሶ ነጥቷል። ይመኙሻል በጆግ ውኃ አቀረበችላቸው። ጠጡና፣ «በልጄ የጠየቅሽኝን ያኔ ልመልስልሽ ይገባኝ ነበር» አሉ። «አላስገባውም።»

ከዚያ ወዲህ ካባው በደረጃ ተቆፈረ። ለትዕዛዙ ካሳ ሲጠየቅ ጋሼ ኃይለ ኢየሱስ ራሳቸው ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ በሥራው ላይ እንደተጎዳ መሰከሩለት። ተፈረደለት፤ እግሩ ግን እንዳነከሰ ቀረ። ምንተስኖት ዛሬ የራሱ ልጆች አሉት።

ለመጨረሻ ጊዜ ጭነት ልወስድ የወረድኩ ዕለት ይመኙሻል አዲስ የገቡ ሠራተኞችን ሰብስባ ነበር። ሄልሜታቸውን አስለብሳ፣ ስንጥቅ እንዴት እንደሚታይ እያሳየቻቸው ሳለ የካባው ባለቤት መጣ። ትምህርቷን አቋርጣ ወደ እሱ ሄደች። በዚያ ሙቀት ለሠራተኛው የመጠጥ ውኃ አልቀረበም ብላ ትሞግተው ጀመር፤ እኔ ጭኜ ስወጣም ገና አልለቀቀችውም ነበር።