ምንጣፍ ላይ የወረድን ወላጆች

ሥራ የጀመርኩት በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከሾላ ገበያ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አዳራሽ ነው። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። የመጀመሪያው ቀን በሩን ስከፍት ወለሉ መሐል በሸራ የተሸፈነ ሰፊ ፍራሽ ተነጥፎ አገኘሁ። ላራግፈው ጫፉን ይዤ ስጎትት አሠልጣኙ ገቡ።

«ይተዉት ወይዘሮ ጥሩነሽ። እሱ መውደቂያ ነው።»

«ሰው ወዶ ይወድቃል?»

«መጀመሪያ የምናስተምረው እሱን ነው» አሉኝ።

ሃምሳ አለቃ ታፈሰ ይባሉ ነበር። ኮሪያ ዘምተው ሲመለሱ ጁጂትሱ የሚባለውን የጃፓኖች ትግል ተምረው መጥተዋል። የሰፈሩን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ያሠለጥናሉ።

ከጽዳቱ ሌላ ምንጣፉን መጠገን የእኔ ሥራ ሆነ። ምንጣፉ ጭድ የተሞላ ጆንያ ነው። ጆንያው ጎን ለጎን ይሰፋና ሸራ ከላዩ ተወጥሮ ይታሰራል። ክረምት ላይ ጭዱ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚጓጉል አውጥቼ በዱላ እየመታሁ ፀሐይ አሰጣዋለሁ። የልጆቹን ልብስም ከድርብ አቡጀዲ እሰፋ ነበር። በዚህ ትግል ሰው የሚያዘው በኮሌታው ስለሆነ ኮሌታው ሦስት ድርብ ካልሆነ በሳምንቱ ይተረተራል።

ልጄ ደምሴ እዚያው ገብቶ ይማር ነበር። የጀማሪውን ነጭ ቀበቶ ታጥቆ ጀምሮ ቀጣዩ ቢጫ ላይ ደረሰ።

ችግር ያመጣነው ወላጆች ነን። በእኛ አገር ትግል ጀርባው መሬት የነካ ተሸንፏል፤ ወሬም የለው። በጁጂትሱ ግን የተጋደመ ሰው ገና መታገሉ ነው። ልጁ ሲወድቅ ወላጁ ከዳር «አለቀልህ!» ብሎ ይጮኻል። ልጁም የአባቱን ድምፅ ሲሰማ እጁን ይለቃል። ከሁሉም የባሱት ከኮተቤ በላይ የሚያርሱት ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። ልጃቸው ገመቹ ገና ሲወድቅ ባርኔጣቸውን አድርገው ይወጣሉ። ልጁ እየታገለ አባትየው በር ላይ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ሃምሳ አለቃ ትግሉን አስቆሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ መጮኽ የሚፈልግ ወላጅ ምንጣፍ ላይ ወርዶ ይማር። ያልተማረ ውጭ ይቀመጥ።»

«እኔ ስንቱን ቆሜ የጣልኩ ሰውዬ አሁን ተጋድሜ ልማር?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«ልጅዎ ተጋድሞ ሲታገል ትተውት የሚወጡት ስላልተማሩ ነው።»

አብዛኞቹ ውጭ መቀመጡን መረጡ። ጥቂቶቻችን ቀረን፤ ኦቦ ቶሎሳም እያጉረመረሙ ቀሩ። ጤነኛ የሚባል አልነበረንም። ኦቦ ቶሎሳን በቅሎ ጉልበታቸውን ረግጣቸው ያነክሳሉ። እኔ ደግሞ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለው ቁልቁለት የባሕር ዛፍ ጭነት ይዞኝ ወርዶ ቀኝ ትከሻዬ ወልቋል። ወጌሻ መልሶታል፤ ክንዴ ግን ከጆሮዬ በላይ አይወጣም።

በቀሚሴ ሥር የወንድሜን ሱሪ ለበስኩ። ወሬው ሾላ ደረሰ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ በሳቅ ጠራችኝ።

«እትዬ ጥሩነሽ! እርስዎ ሱሪውን ከወሰዱት ባልዎ ምን ሊለብሱ ነው?»

«እሱ ራሱ ይጠይቀኝ። አንቺ ሽንኩርትሽን ሽጪ» አልኳት።

ልምምዱ እያንዳንዱ ወላጅ ከገዛ ልጁ ጋር ነበር። ቀኝ እጄ ስለማይሠራ ሃምሳ አለቃ ሁሉንም በግራ አስተማሩኝ። ኦቦ ቶሎሳ ቆሞ መጣሉን ትተው ከተቀመጡበት ጀመሩ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው በኦሮምኛ ይሳደባሉ፤ ገመቹ ደግሞ እየሳቀ «አባ፣ እግርህን እጠፈው» ይላቸዋል።

ከተማርነው ሁሉ የከበደን መንካት የሚባለው ነው። ክንዱ ተጠምዝዞ የተያዘ፣ የተቆለፈ የሚሉት ሰው፣ በቃኝ ለማለት ተጋጣሚውን ሁለት ጊዜ በመዳፉ ይመታል። የያዘውም ወዲያው ይለቃል። ለእኛ ይህ እጅ መስጠት ነው። ደምሴ ግራ ክንዴን ሲቆልፈው ጥርሴን ነክሼ ሳልመታው ቻልኩት። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው መጥተው አላቀቁን።

«ለምን አልመቱም?»

«በልጄ ፊት?»

«ይህ ቃል ነው ወይዘሮ ጥሩነሽ። የተያዘው ሰው ስነካው ይለቀኛል ብሎ ያምናል። የሚለቀውም አይከዳኝም ብሎ ያምናል። ይህ ከተበላሸ ማንም ማንንም አይለቅም፤ የልጆች እጅ ይሰበራል።»

ይህ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ መንካት ጀመርኩ።

በዓመቱ ድሬዳዋ ካሉ ልጆች ጋር የሚወዳደር ቡድን እንዲመረጥ ተወሰነ። ጉዞው በባቡር ነው። በደምሴ ክብደት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ለቦታውም የቀሩት ደምሴና ገመቹ ናቸው። ደምሴ ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም። ያን ሰሞን ቤት ውስጥ የምንሰማው ስለ ባቡር ብቻ ነበር።

የምርጫው ቀን አዳራሹ ሞላ። ገመቹ ወደቀ፤ ከሥር ሆኖ ግን የደምሴን ቀኝ ክንድ ቆለፈ። የሚዳኙት ሃምሳ አለቃ በደምሴ ጀርባ በኩል ቆመዋል፤ ግራ እጁ አይታያቸውም። እኔ በፊት ለፊቱ፣ በዚህኛው ወገን ነኝ። ደምሴ በግራ መዳፉ የገመቹን ጭን ሁለት ጊዜ መታ። ገመቹ ለቀቀ። ደምሴ ግን ተገልብጦ ላዩ ላይ ወጣና ሃምሳ አለቃ ቆጥረው እስኪጨርሱ ድረስ ጀርባውን ምንጣፉ ላይ አጣብቆ ያዘው። ሃምሳ አለቃ የደምሴን እጅ አነሡ።

«ነክቶኛል እኮ! ስለነካኝ ነው የለቀቅኩት!» አለ ገመቹ።

«የተሸነፈ ሰበብ አያጣም!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ። ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን ጨብጠው እንደተቀመጡ ቀሩ። አባት ናቸው፤ ቢናገሩስ ማን ያምናቸዋል?

ተነሣሁ። «ደምሴ ነክቷል» አልኩ።

«እማዬ!» አለ ደምሴ በዝግታ።

«አይተዋል?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«አይቻለሁ። በግራ እጁ፣ ጭኑ ላይ፣ ሁለት ጊዜ።»

«እጄ አዳልጦኝ ነው» አለ ደምሴ።

«ሁለት ጊዜ አያዳልጥም» አልኩት።

ሃምሳ አለቃ ወደ ደምሴ ዞሩ። ደምሴ ቀበቶውን አስተካከለ። ከዚያ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሃምሳ አለቃ የገመቹን እጅ አነሡ።

ከኋላችን «እናት አይደለችም እንዴ?» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

ገመቹ ድሬዳዋ ሄደ። ደምሴ ለብዙ ሳምንታት ከእኔ ጋር ልምምድ አልሠራም አለ፤ ከሃምሳ አለቃ ጋር ይሠራ ነበር። አላባበልኩትም። በኋላ ራሱ መጥቶ ለልምምድ ኮሌታዬን ያዘኝ።

በቀጣዩ ውድድር ሃምሳ አለቃ እሳቸው በማያዩት በወዲያኛው ወገን ሁለተኛ ዳኛ ሆኜ እንድቆም አዘዙኝ። አንድ አባት «የራሷ ልጅ ሲታገልስ?» ብሎ ተቃወመ። ኦቦ ቶሎሳ ናቸው የመለሱለት፦ «የራሷ ልጅ ላይ ፈርዳለች። አንተ ባንተ ላይ ፍረድና ቦታውን ውሰድ።»

አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ መጥረጊያውንም ዳኝነቱንም ይዤ ሠራሁ። ብዙ ወላጆች ከዚያ በኋላ ወርደው ተምረዋል፤ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ እጃቸው የማይታጠፍ። ጥሩ ታጋይ የወጣው ከመካከላችን አንድም የለም። ልጆቻችን የሚሠሩትን ግን ማየት ቻልን። ወላጅ ያየውን በልጁም ላይ ቢሆን መናገር አለበት። አለዚያ ምንጣፍ ላይ መውረዱ አያስፈልገውም፤ ውጭ ይቀመጥ።