የማንጠግቦሽ ጉልበትና ሻደይ

ማንጠግቦሽ ከበሮ አንገቷ ላይ ካጠለቀች የሚመልሳት የለም። ሰቆጣ ላይ የልጃገረዶቹ የነሐሴ በዓል፣ ሻደይ፣ ሲደርስ የሰፈሯን ልጃገረዶች ከፊት ሆና የምትመራው እሷ ናት። ባለፈው ነሐሴ ግን ከፍ ብላ ዘላ፣ ዞራ ስታርፍ ቀኝ ጉልበቷ ቀጭ አለ።

እናቷ ደብሬ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ወለምታ ነው ብላ ወጌሻ ቤት ወሰደቻት። ወጌሻው በቅቤ አሽቶ፣ ጎትቶ «አለቀ» አላቸው። ምን ያልቃል! ጉልበቱ ቅል አክሎ አበጠ። እብጠቱ ከጎደለ በኋላም ቀጥ ብላ ስትሄድ ደህና ነው፤ ዞር ስትል ይከዳታል። ቢቸግራቸው ዘንድሮ በሐምሌ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሄዱ። ደብሬ መንገዱን ሙሉ «ለዝላይ ተብሎ ሥጋ ይቀደዳል?» እያለች መኪናውን አደነቆረችው፤ ቀስ ብሎ ማውራት አታውቅበትም።

ምርመራው የጉልበቷ ጅማት መበጠሱን አሳየ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ነገር አላወሳሰበም።

«ለመራመድ ብቻ ከሆነ ጡንቻሽን በእንቅስቃሴ አጠንክረሽ ያለ ቀዶ ጥገናም ትኖሪያለሽ። መዝለል ካማረሽ ግን ጅማቱ መተካት አለበት፤ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ዝላይ የለም። ልክ እንደ ድሮው ትሆኛለሽ ብዬም ቃል አልገባልሽም። እንዲሁ ከጨፈርሽበት ደግሞ የቀረውንም ታበላሺዋለሽ።»

እንደገና መዝለል! ማንጠግቦሽን ደስታው አላስቀምጥ አላት። ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ግን ጥር ትዝ አላት። በጥር ከእጮኛዋ ከምንዋጋው ጋር ሠርጓ ነው፤ በእነሱ ሰፈር ደግሞ ያገባች ሴት የልጃገረዶቹን ከበሮ አትይዝም። ከታከመች የዘንድሮው ሻደይ ያልፋታል፣ የከርሞው ሲመጣ ባለትዳር ናት። ካልታከመች በታመመው እግር አንዴ ጨፍራ መሰናበት ነው።

«እማ፣ ይቅር። ዘንድሮን ልጨፍርበትና እንደፈለገ ይሁን።»

ደብሬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«እኔን በጥር ዳሩኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነሐሴ ሲመጣ እኩዮቼ ሲጨፍሩ ሆዴ ገፍቶ በአጥር ቀዳዳ አየኋቸው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።»

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ምንዋጋው! ሠርጉ የከርሞው ሻደይ ካለፈ በኋላ ነው። ከቸኮልክ ሌላ ፈልግ!»

«ኧረ እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» አለ ልጁ። ምክንያቱን ሲሰማ ሳቀ። «እኔም እኮ ስትጨፍር ነው ያየኋት። ዓመት ምን አላት፣ እጠብቃለሁ።»

ማንጠግቦሽ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ደብሬ ግን ጊዜ አልነበራትም። የሐኪሙን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ልጄ፣ ቀኑን ቁረጥልን» አለችው። «ብቻ አደራ፣ ለመሄጃ እንዳታደርገው፤ ለመዝለያ አድርገህ ሥራልኝ!»