ሐሞትና ከረጢቱ

አባቴ ከጃናሞራ ደባርቅ ሲደርስ ቀኝ ጎኑን በእጁ ደግፎ ነበር። እኔ እዚያው ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ጠዋት ያየው ሐኪም የሐሞት ከረጢቱ በጠጠር ተዘግቶ መቆጣቱን ነገረኝ። «በመድኃኒት ይብረድላቸውና ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል» አለ። እፎይ አልኩ። ከሰዓት በኋላ የመጣው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ደግሞ «ከጀመራቸው ገና ሁለት ቀናቸው ነው። አሁን ብናወጣው ይሻላል፤ ካቆየነው ከጉበታቸው ጋር ሊጣበቅ፣ መልሶም ሊነሳባቸው ይችላል» አለኝ።

ግራ ገባኝ። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ሰው፣ ያንኑ የምርመራ ወረቀት ነው። ቢቆይም እንዳይሞትብኝ ፈራሁ፣ ቢቀደድም እንዳይሞትብኝ ፈራሁ።

«መጀመሪያ እናንተ ተስማሙና ንገሩኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

አልተቀየመኝም። «ድሮ እናቆይ ነበር፤ ዛሬም የሚያቆይ አለ። አባትሽ ግን አቅም አላቸው፣ ቶሎ የሚወጣበት ቀንም አላለፈም» አለ።

አባቴ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ቃል ነው። «ሐሞቴን አውጥታችሁ በስተርጅና ሐሞተ ቢስ ልታደርጉኝ?» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «አባባ፣ ሐሞቱን የሚሠራው ጉበትዎ ነው። እኛ የምናወጣው ማጠራቀሚያውን ነው።»

«ማጠራቀሚያው ከወጣ ታዲያ የት ሊቀመጥ ነው?»

በየዓመቱ ለተማሪዎቼ «ሐሞተ ኮስታራ ማለት ደፋር ማለት ነው» እላለሁ። ያን ቀን ግን የመጽሐፉን ሐሞት ከሆዱ ሐሞት ለይቼ ላስረዳው ብል አቃተኝ። እንዲያውም፣ ማፈሬ ባይቀርም፣ እኔም ጠረጠርኩ። በጃናሞራ ገደል ለገደል በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ይህን አውጥተውለት ያው አባቴ ሆኖ ይመለስ ይሆን?

ሐኪሙ ሲወጣ አባቴ ዞሮ አየኝ። «አንችስ ምን ትያለሽ?»

«አላውቅም አባባ» አልኩት፤ እንባዬ መጣ። «ብቻ ስድስት ሳምንት እንዲህ ሲያቃስቱ ማየት አልችልም።»

ከዚያ የቀዶ ጥገናውን የፈቃድ ወረቀት አስመጣና አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አተመበት።

በማግስቱ ጠዋት አወጡለት። በሦስተኛው ቀን ክንዴን ይዞ በኮሪደሩ ቀስ እያለ ሲራመድ ድንገት ቆመ። ያመመው መስሎኝ ደነገጥኩ። ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ሐሞቴ ውስጤ ሳለም ፈርቼ ነበር።»