በፀሐይ የቀላችው

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ የውሃ በርሜል ማጠብ ነበር። አምና በሚያዝያ፣ ወደ ሰፈራችን ውሃ በመጣበት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባለቤቴ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። እኔ በርሜሉን የያዘውን አረንጓዴ ነገር በብሩሽ ስፈገፍግ፣ "ቆይ፣ ሁሉንም አትጨርሺው" ብሎ ጥቂቱን ከውሃ ጋር በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ቀዳ።

"አልጌ ናት" አለኝ። "በረዶ ላይ የሚኖሩ ዘመዶች አሏት። ብርሃኑ ደከም ሲል አረንጓዴ ሆነው ይዋኛሉ፣ ይራባሉ። ፀሐይ ስትበረታባቸው ግን ቀይ ይለብሳሉ። ቆዳቸውን አወፍረው፣ ሳይንቀሳቀሱ ደህና ጊዜ ይጠብቃሉ። በረዶው ደም የፈሰሰበት ይመስላል።"

"አንተ ሰውዬ፣ በድሬ ፀሐይ ስለ በረዶ ታወራለህ?"

"ለዚያ እኮ ነው! የእኛም ከቀላች የእነሱ ወገን ናት።" ጠርሙሱን ፀሐይ የማይለየው የግቢው ግንብ ላይ አስቀመጠው። "ብትደርቅም እንዳትደፊያት። ውሃ ጨምረሽ ጥላ ስር ካደረግሻት ትነሳለች።"

ማክሰኞ ዕለት እያስተማረ ክፍል ውስጥ ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

በለቅሶ መሀል ጠርሙስ ማን ያስታውሳል። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ግንቡ ላይ አየሁት። ውሃው አልቋል። ከሥሩ እንደ ሸክላ ቀይ የሆነ ነገር ተጋግሯል። ቀልታለች! ልነግረው ወደ ቤት ዞርኩ። በሩ ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ።

ውሃ ልጨምርባት ብዬ መልሼ እጄን ሰበሰብኩ። ባትነሳስ? አርባው ይውጣ አልኩና ማድቤት መደርደሪያ ላይ አኖርኳት።

በአርባው ቀን ጎረቤቴ ሐሊማ ከሁሉ ቀድማ መጣች። "አንቺ ተቀመጪ፣ ዛሬ ውሃ እንዳትነኪ" ብላ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እሷ አጠበች። በማግስቱ ያንን ጠርሙስ ቴምር ሞልታ አመጣችልኝ። ብርጭቆው ያብረቀርቃል።

"አቦ፣ ዝገት ይዞት ነበር እኮ! በበረኪና ስንት ፈግፍጌው ነው የለቀቀው። ምነው ፊትሽ? ቴምር ትወጂ የለ?"

"እወዳለሁ" አልኳት። እያየችኝ አንድ በላሁ።

ሐሊማን አልተቀየምኳትም። እስከ ዛሬም አታውቅም። እሱ አደራ ያለኝን አንድ ነገር በጊዜው ያላደረግኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ከበርሜሉ አረንጓዴውን እየቀዳሁ ግንቡ ላይ ደጋግሜ አስቀምጫለሁ። ደርቆ ይነጣል እንጂ አይቀላም። ለምን እንደሆነ የምጠይቀው ሰው የለኝም። አሁን ማስቀመጡንም ትቼዋለሁ። ውሃ ሲመጣ በርሜሉን ብቻዬን፣ ምንም ሳላስቀር አጥባለሁ።